ካሜራ ፊት የወረደ ሙሾ

እናኑ ዘመኑን መጀመሪያ ያገኘችው ኮሌታውን አንቃ ነው።

የወረታ ገበያ ቀን ነበር። ከዘሊካ ሱቅ በር ላይ ቆማ የሩዝ ጆንያዋን የሚጭንላት ባጃጅ ትጠብቃለች። አንድ ረጅም፣ ከሲታ፣ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለው ሰው በፊቷ አለፈ። ይህን ፊት ታውቀዋለች። የት እንዳየችው አልመጣላትም እንጂ ሲሰርቅ እንዳየችው እርግጠኛ ነበረች። እጁን የአንዲት ሴት ቦርሳ ውስጥ ሲከት፣ ግራ ቀኙን ሲቃኝ፣ ከዚያ ሲሮጥ... ሁሉም ዓይኗ ላይ ድቅን አለ።

«ሌባ ነው፤ ያዙልኝ» አለች። ማንም ሳይደርስ እሷው ቀድማ ጨመደደችው።

ገበያተኛው ግር ብሎ ከበበ። አንዱ ገበሬ ዱላውን ከትከሻው አወረደ። ሰውየው ግን አልተንፈራገጠም። እንዲያውም ደስ ያለው ይመስል ነበር።

«የማንን ሰረቅሁ፣ እህቴ?»

«የሴትየዋን ቦርሳ። ባይኔ በብረቱ አይቼሃለሁ።»

«ቀይ ቦርሳ?»

«አዎ፣ ቀይ።»

«ፒያሳ ላይ፣ ዝናብ እየዘነበ?»

«አዎ...» አለችና አፏ ተከፍቶ ቀረ። እሷ አዲስ አበባን ረግጣ አታውቅም።

ዘሊካ ከሱቋ ውስጥ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። «ኧረ ልቀቂው አንቺ! ወላሂ የእሁዱ ድራማ ሌባ ነው። እኔም ‹የት ነው የማውቀው› እያልኩ ነበር።»

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። እናኑ ኮሌታውን ለቀቀችና መሬት ተሰንጥቆ ቢውጣት ወደደች።

«ይቅር በለኝ ወንድሜ... አፈርኩ።»

«ምን በወጣሽ። እንዲህ አምኖ ያየኝ ሰው ኖሮ አያውቅም» አለ ኮሌታውን እያስተካከለ።

ዱላ ያወረደው ገበሬ ጠጋ አለ። «ለመሆኑ ስምህ ማነው?»

«ዘመኑ።»

«ፊትህን እንጂ ስምህን አናውቀውም።»

«እኔም ፊልም ላይ ተጽፎ አይቼው አላውቅም» አለ ዘመኑ።

ትውውቃቸው ይኸው ነበር።

ዘመኑ የዚያው የፎገራ ልጅ ነው። በጉርምስናው ተዋናይ እሆናለሁ ብሎ አዲስ አበባ ገባ፤ ሆነም። ግን እንዳሰበው አልሆነም። በር የሚከፍተው ዘበኛ እሱ ነው። ዋናው ሰውየ ሲናደድ በጥፊ የሚመታው ሹፌር እሱ ነው። ፊልሙ ሳይጋመስ የሚሞተውም እሱ ነው። ዳይሬክተሮቹ «ያንን የባላገር ፊት ያለውን ጥሩት» ይላሉ እንጂ በስሙ የሚጠራው አልነበረም። መጨረሻ ላይ ስም ሲዘረዘር «ሁለተኛው ሌባ» ተብሎ ያልፋል፤ እሱም ሰው ከመቀመጫው ተነስቶ ሲወጣ ነው። ሥራ ሲጠፋ ወረታ አጠገብ እህቱ ዘንድ መጥቶ ሩዝ ያጭዳል።

እናኑ ከገበሬ ሩዝ ገዝታ፣ ወፍጮ ቤት አስፈትጋ የምትሸጥ ሴት ነች። የእህቱን ምርት ልትገዛ ስትሄድ ማሳው ላይ አገኘችው። ከዚያ በኋላ እሷ ሰበብ እየፈለገች ትሄዳለች፤ እሱም ሰበብ እየፈለገ ወፍጮ ቤት ጆንያ ይሸከምላታል።

«እስኪ ዛሬ እንዴት እንደሞትክ ንገረኝ» ትለዋለች ገለባውን ከፀጉሯ እያራገፈች።

«የትኛውን ልንገርሽ? በጥይት የሞትኩትን ነው በመኪና?»

«ሬሳ ሆነህ የተኛኸውን።»

«እ... እሱማ ጉድ ነው። አልቃሾቹ እንባ እምቢ አላቸው። ዳይሬክተሩ ጮኸ፣ ተሳደበ፣ ምንም። በመጨረሻ ከከፈኑ ውስጥ ሆኜ ‹እህቶቼ፣ ኧረ እዘኑልኝ፣ ቁርስም ሳልበላ ነው የሞትኩት› ብላቸው ሳቁ። እንደገና ተቀረጸ።»

እሷ ትስቃለች፤ እሱ ሲያያት ይቆያል። ከዚያ ሳቋን አስመስሎ ያደርገዋል፤ እጇን አፏ ላይ የምትጭንበትን፣ ትከሻዋን የምትሰብቅበትን፣ ቁርጥ እሷን።

«ተው እንጂ! እንዴት ያዝከው?»

«ሥራዬ ነው። ሰው ማየት።»

ያን ጊዜ ደስ ብሏት ነበር። ያየኝ ሰው አገኘሁ አለች በልቧ።

እናኑ በፎገራ የታወቀች አልቃሽ ነች። ማንም አላስተማራትም። ገበያው የሚባለውን ወንድሟን በክረምት የርብ ወንዝ ሞልቶ የወሰደው ጊዜ፣ ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ሰው ሁሉ ቃል ጠፍቶት ሲያለቅስ እሷ ተነሳችና አፏን ከፈተች።

«ርብ ሆይ አንተ ወንዝ ሆዴን የወሰድከው፣
ጥሪውን ብቻ ነው ለእኔ የተውከው።»

ይህን ያልሰማ የለም። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲሞት «እናኑን ጥሯት» ይላሉ። እሷ ግን ለቅሶ ቤት ካልሆነ ሙሾ ከአፏ አይወጣም። ያለ ሬሳ ሙሾ ማውረድ ሞትን በስሙ መጥራት ነው ይባላል፤ እናቷ እትየ አገኘሁሽም ልጆቻቸውን ገና በሕፃንነታቸው በዚህ ቆንጥጠዋል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከማሳ ሲመለሱ ርብ ዳር አረፍ አሉ። ውሃው በበጋው ጎድሎ አሸዋው ወጥቷል።

«ያቺን ሙሾ እህቴ ነገረችኝ» አለ ዘመኑ። «‹ጥሪውን ብቻ› ያልሽው ምን ማለትሽ ነው? ማን ጠራ?»

እናኑ አሸዋውን በጣቷ ጫረች። ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም። ለቅሶ ቤቱ ሁሉ ሰምቷት፣ ሁሉም አልቅሶላት፣ አንድም ሰው አልጠየቃትም።

«ለእናቴ ውሃው እንደገባ ወዲያው ወሰደው ብያታለሁ» አለች። «አልተሰቃየም ብያታለሁ። በዚያ ነው የምትኖረው። እውነቱ ግን...»

ጠበቃት።

«ቅርንጫፍ ይዞ ነበር። ሲጠራ ሰማሁት። እናቴን ነበር የሚጠራው። እኔ ዳር ላይ ነበርኩ፤ ዋና አላውቅም። የወጣው ኮንጎ ጫማው ብቻ ነበር» አለች፤ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ ቆልፋ አገጯን አሳረፈችበት። «እንዲህ ደረቴ ላይ ጨምቄ ይዤው ቆምኩ። የዚያን ቀን ሌላ ስንኝ መጥቶልኝ ነበር። ለማንም አላወረድኩትም።»

ከዚያ ድምፅ ሳታወጣ፣ እንደ ምስጢር፣ ነገረችው።

«እማየ እያለ ቅርንጫፉን ይዞ፣
ድምፁ እኔጋ ቀረ ገላው ሄደ ጉዞ።»

ዘመኑ አለቀሰ። ወንድ ልጅ እንዲያ ሲያለቅስ አይታ አታውቅም። እጇን ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ።

«እናቴ ይህን አታውቅም» አለችው። «ከእኔና ካንተ አይወጣም።»

«እናቴን ይንሳኝ» አለ።

በዚያች ቀን ነው ባሌ ነው ያለችው።

ሽማግሌ ተላከ። እትየ አገኘሁሽ መጀመሪያ ተግደረደሩ። «ልጄን ለሌባ ልስጣት?» ብለው ሽማግሌዎቹን አሳቋቸው፤ ከዚያ «እሺ» አሉ። ሠርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆረጠ። ጥምቀት እንዳለፈ ዘመኑን ለአንድ ድራማ ከአዲስ አበባ ጠሩት።

«ትንሽ ቦታ ናት» አላት በስልክ። «ወንድሙን ውሃ የወሰደበት ገበሬ ነኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው የምናገረው።»

እናኑ ምንም አልጠረጠረችም። እንዲያውም «አይዞህ፣ አንዷን አሳምረህ ተናገራት» አለችው።

ሁዳዴው እየተጋመሰ ሲመጣ ድምፁ ተለወጠ። ይቸኩላል፤ ሲያወራ ይስቃል። «ፋሲካ ዕለት ቴሌቪዥን ክፈቱ። እትየ አገኘሁሽም ይዩት። ጎረቤትም ጥሪ። ስጦታ አለኝ» አላት።

ጠራች። የፋሲካ ዕለት ከሰዓት በኋላ ቤቱ በሰው ሞላ። ዘሊካም ልጆቿን ይዛ መጣች። እትየ አገኘሁሽ አዲስ ነጠላቸውን ለብሰው ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ተቀመጡ።

«አማቻቸው እስኪመጣ ዓይናቸውን አይከድኑም» አለች ዘሊካ።

«ምን ላድርግ፤ ይህ ልጅ ብልጭ ብሎ ይጠፋል እኮ። ማስነጠስ እንኳ አልችል» አሉ እትየ አገኘሁሽ።

ዘመኑ ቴሌቪዥኑ ላይ ወጣ። ጭቃ የነካው ቁምጣ ለብሷል። አንድ ሽማግሌ «ወንድምህስ?» ብለው ጠየቁት።

«ወንድሜን ውሃ ወሰደው» አለ።

ቤቱ በሙሉ አጨበጨበ። በዚህ ያበቃል ብለው ነበር። አላበቃም። ዘመኑ ከጉያው የኮንጎ ጫማ አወጣ። ደረቱ ላይ ጨምቆ ያዘው። እናኑ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ አለች። አያያዙ የእሷ ነው። ጣቶቹ የሚቆለፉበት፣ አገጩ ጫማው ላይ የሚያርፍበት... የእሷ።

«ጎርፍ ሆይ አንተ ውሃ ሆዴን የወሰድከው፣
ጥሪውን ብቻ ነው ለእኔ የተውከው።»

ጭብጨባው ቆመ። ርብና ወንዝ የሚሉትን ብቻ ነው የለወጠው። «የገበያው አይደለችም እንዴ?» አለች አንዷ ጎረቤት በሹክሹክታ። እናኑ ተነስታ ቴሌቪዥኑን ልታጠፋ ሄደች፤ ሰው መሀል እግሯ ተጠላለፈ። ዘመኑ ቀጠለ።

«እማየ እያለ ቅርንጫፉን ይዞ...»

ስታጠፋው ሙሾው አልቆ ነበር።

እትየ አገኘሁሽ ጥቁር ሆኖ የቀረውን ቴሌቪዥን ያያሉ። ከዚያ ዞር አሉ።

«እናኑ።»

«አቤት እማየ።»

«የመጀመሪያዋን አውቃታለሁ። ይህችኛዋን ግን ያን ጊዜ አላወረድሻትም።»

እናኑ ዞራ ጀርባዋን ለቴሌቪዥኑ ሰጠች።

«ጠርቶኝ ነበር እንዴ?»

መዋሸት ፈለገች። ስንት ጊዜ የዋሸችው ውሸት ነበር፤ ያን ቀን እምቢ አላት። እናቷ ፊቷን አይተው ጨረሱ። ነጠላቸውን ሰበሰቡ፣ ግድግዳውን እየዳበሱ ወደ ጓዳ ገቡ። ጎረቤቱ አንድ በአንድ ተነስቶ ወጣ። በዓል መሆኑን ሁሉም ረሳው።

ስልኳ ሲጮህ ዋለ። ዘመኑ ነው። አላነሳችም።

በሳምንቱ ውስጥ የዘመኑ ስም አገር አዳረሰ። ያቺ ቁራጭ በየስልኩ ዞረች፤ ሰው እያየ አለቀሰ። ዘሊካ ሱቋ ውስጥ አስቀምጣ አንድ ቃለ መጠይቅ አሳየቻት። እያሳየቻት እጇን ይዛታለች።

«ሙሾውን ከየት አገኙት?» ትላለች ጋዜጠኛዋ። አንቱ ነው የምትለው።

ዘመኑ አዲስ ሸሚዝ ለብሷል። ኮሌታውን አስተካከለና «ከራሴ ነው» አለ። «እዚያው ካሜራ ፊት መጣልኝ። ወንድሜን እንዳጣሁ አድርጌ አሰብኩ፤ ቃሉ በራሱ ፈሰሰ።»

ዘሊካ ስልኩን ዘጋችው። «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ አሉ...»

«አየኝ ብዬ ነበርኮ ዘሊካ» አለች እናኑ። «ርብ ዳር ሲያለቅስ እጄን ይዞ ነበር። እያለቀሰ ነበር ወይስ እያጠና?»

ዘሊካ እጇን ጠበቅ አድርጋ ያዘቻት።

ሠርጉ ሊደርስ ሲል ዘመኑ መጣ። ከመናኸሪያ ጀምሮ ሰው ተከተለው፤ አሁን በስሙ ነው የሚጠሩት። ወፍጮ ቤቱ ጓሮ፣ ገለባው ክምር አጠገብ አገኛት።

«ስልክ አታነሺም።»

«አላነሳም።»

«ተቆጥተሻል።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ላስደንቅሽ ብዬ ነው።»

«አስደነቅከኝ» አለች።

ገለባው ላይ ቁጭ አለ። «እናኑ፣ ዕድሜዬን በር ስከፍትና ስሞት ነው የኖርኩት። ያን ቀን ‹ወንድሜን ውሃ ወሰደው› ብዬ መውጣት ነበረብኝ። ካሜራው ግን አልቆመም፤ ዳይሬክተሩም ቁረጡ አላለም። አፌን ስከፍት ያንቺ ቃል ወጣ። አስቤበት አይደለም።»

«ኮንጎ ጫማውስ? ሳታስብ ነው ጉያህ የገባው?»

መሬት መሬት አየ።

«እሺ እሱም ይቅር። ጋዜጠኛዋ ስትጠይቅህስ?»

«ያንቺ ነው ብል የገበያው ነገር ይወጣል፣ እናትሽ ይሰማሉ ብዬ...»

«ዘመኑ። ቀና ብለህ እያየኸኝ ዋሽ።»

ቀና አለ።

«ለመጀመሪያ ጊዜ በስሜ ጠሩኝ» አለ። «ያንቺ ነው ብል እኔ ምን ይቀረኛል?»

እናኑ ይህን ስትሰማ ከንዴቷ ይልቅ ሐዘኗ በረታ። እውነቱን ነው። ምንም አይቀረውም ነበር።

«እናቴ እንደማታውቅ ነግሬህ ነበር። ጭራሽ ‹ይዩት፣ ጎረቤትም ጥሪ› አልከኝ።»

«ረሳሁት።»

«ምኑን?»

«እሳቸው እንደማያውቁ። እውነቴን ነው እናኑ። ስንኙን አንድ ቃል ሳላጎድል ይዤዋለሁ። ማን እንደሚያውቀው፣ ማን እንደማያውቀው... እሱ ከአእምሮዬ ወጣ።»

ወፍጮው ውስጥ ሩዙ ይንኮሻኮሻል። እናኑ ነጠላዋን አራግፋ ተነሳች።

«ና፤ ለእሷ ንገራት።»

እትየ አገኘሁሽ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ነበር። ከፋሲካ ወዲህ ከቤት አልወጡም። ዘመኑ ሲያያቸው እግራቸው ሥር ተንበረከከ።

«እትየ... ይማሩኝ። በድያለሁ። የልጅዎን...»

መጨረስ አቃተው። አለቀሰ። አንገቱን ደፋ፤ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። እትየ አገኘሁሽ እጃቸውን ጭንቅላቱ ላይ ሊያደርጉ ዘረጉና አየር ላይ ቀረ።

«አልረግምህም ልጄ» አሉት። «ያጎረስኩህ ነህ። ግን የልጄን ጩኸት ካንተ አፍ፣ በበዓል ቀን፣ ሰው እያጨበጨበ መስማት አልነበረብኝም።»

የባሰ አለቀሰ። እናኑ ምሰሶውን ተደግፋ ታየዋለች። ልቧ ወደ እሱ ሄዶ ነበር። ተነስ ልትለው፣ እንባውን ልትጠርግለት አንድ እርምጃ ተራመደች። ያን ጊዜ ነው እጁን ያየችው። ሁለት እጁ ደረቱ ላይ ተቆልፏል። አገጩ እላዩ ላይ አርፏል። ምንም ያልያዘ እጅ፣ ጫማ እንደ ያዘ ሆኖ።

«ዘመኑ» አለች በቀስታ። «ይህ ለቅሶ የማነው?»

ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ወደ እጁ አየ። እጁ እንዴት እዚያ እንደደረሰ የማያውቅ ሰው ይመስል ነበር። ቀስ ብሎ አወረደው።

«አላውቅም» አለ። ድምፁ ልጅ ሆነ። «እማምላክን፣ እኔም አልለየውም።»

እናኑ አመነችው። ከመጣ ጀምሮ ካወራው ሁሉ ሳትጠራጠር ያመነችው ይህን ብቻ ነው። ያመነችው ጊዜም ነገሩ አለቀላት። እሱ ያልለየውን እንባ እሷ በምን ትለየዋለች? ልጅ ሲታመም ሲያለቅስ፣ ሲጣሉ ሲያለቅስ፣ «እወድሻለሁ» ሲላት... ሁልጊዜ እጁን ልታይ ነው። ሁልጊዜ ማንን እንደሚያስመስል ልትፈልግ ነው።

«ሽማግሌዎቹን ላካቸው» አለችው። «የሰጠናቸውን ቃል በደንቡ እንመልሳለን።»

«እናኑ... ለሁሉም እናገራለሁ። ያንቺ ነው እላለሁ። አሁኑኑ።»

«ተው። አሁን ብትናገር እናቴን ሁለተኛ ጊዜ ቴሌቪዥን ላይ ታወጣታለህ።»

«እወድሻለሁ እኮ።»

«አውቃለሁ። እኔም እወድሃለሁ። ባልወድህማ ባልነገርኩህ።»

ተነሳ። ጉልበቱ ላይ የተጣበቀውን አቧራ ሳያራግፍ ለእትየ አገኘሁሽ ዝቅ ብሎ እጅ ነሳ፤ ወደ እናኑ ሊዞር አሰበና ተወው። በአጥሩ በር ወጣ። መንገድ ላይ አንድ የባጃጅ ሹፌር «ዘመኑ! እስኪ አንዴ ሙሾዋን በላት» ሲል ተሰማ። የዘመኑ መልስ አልተሰማም። ባጃጁ ወደ መናኸሪያው ሄደ።

እናኑ እስኪርቅ ቆመች። ከዚያ መጥታ እናቷ እግር ሥር፣ እሱ ተንበርክኮ የነበረበት ላይ ተቀመጠች።

«ሄደ?»

«ሄደ።»

«ትቆጪያለሽ?»

«አዎ እማየ።»

እትየ አገኘሁሽ ራስ ነቀነቁ። የልጃቸውን ሹሩባ በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉ።

«እንግዲህ ከእሱ አፍ ሰምቼዋለሁ። አሁን አንቺ ንገሪኝ። ሙሾ አታድርጊው። ስንኝም አታድርጊው። እንዲያው እንደነበረ ንገሪኝ።»

እናኑ ነገረቻቸው። ዳሩ እንዴት እንደሚያንሸራትት። ቅርንጫፉ እንዴት እንደጎበጠ። በነጠላዋ ልትደርስበት እንደሞከረች፣ ነጠላው አጭር እንደሆነ። «እማየ፣ እማየ» እንዳለ። እናቷ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ፤ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ቅርንጫፉ ተሰበረ።»

«ዝም አለ?»

እናኑ ቀና ብላ እናቷን አየች። ይህን ለዘመኑም አልነገረችውም ነበር። ለማንም።

«ዝም አላለም» አለች። «መጨረሻ ላይ ‹እናኑ› አለ።»

እትየ አገኘሁሽ ዓይናቸውን ገለጡ። ስለ ልጃቸው ሞት ብዙ ነገር ሲፈሩ ኖረዋል፤ ይህን ግን አስበውት አያውቁም። ልጃቸውን እንደ ሕፃን ሳብ አድርገው ጭናቸው ላይ አስተኟት።

«ይህን ሁሉ ዓመት ብቻሽን ነው የሰማሽው?»

እናኑ መልስ ልትሰጥ አፏን ከፈተች። ቃል አልመጣላትም። ፎገራ በሙሉ የሚጠራት አልቃሽ፣ ለሰው ሁሉ ስንኝ የማይጠፋት ሴት፣ እናቷ ጭን ላይ ሆና ያለ አንድም ቃል አለቀሰች።